ዛዮች ስንት ናቸው?

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ባቱ ላይ ቆም ማለት ይወዳል። አሳ ይበላል፣ ሐይቁን አንዴ አየት ያደርጋል፣ ጉዞውን ይቀጥላል። ከተማዋን ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ ነው የምንላት። ሐይቁ ላይ ደሴቶች እንዳሉ የሚያውቅ አይጠፋም። እዚያ የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ እንደሚኖር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሕዝቡ ዛይ ይባላል፣ ቋንቋው ዛይኛ። ደሴቶቹ አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮንም ይሉታል።

ስለ ዛዮች የተጻፈ ነገር ያገላበጠ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያገኛል፦ 4,880። አንዳንዱ አጠጋግቶ 5 ሺህ ይለዋል። ቁጥሩን ያወጡት የቋንቋ አጥኚዎች ናቸው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 1994፣ በእኛ 1986 እና 1987 መካከል ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ 30 ዓመት አልፎታል፣ ምናልባትም ልጆች አሉት። ቁጥሩ ግን እንዳለ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል።

እስቲ ትንሽ እናስላ። በ1987ቱ ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን ማለፉ አያከራክርም። ዛዮች እንደ አገሩ ሕዝብ ቢበዙ ኖሮ ቢያንስ እጥፍ መሆን ነበረባቸው። ወይ እጥፍ ሆነዋል፣ ወይ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ከዛይነት ወጥተው ሌላ ነገር ሆነው እየተቆጠሩ ነው። እኔ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየሆነ ነው ባይ ነኝ። ይህን ለማየት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ታቦቱና ቋንቋው

በደሴቶቹ የሚነገረው ታሪክ ከአክሱም ይጀምራል። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ቱሉ ጉዶ ላይ ደብቀው አቆዩት፤ ሰላም ሲሆን ታቦቱ ተመለሰ፣ ከካህናቱ ወገን ግን እዚያው የቀረ አለ ይላል ትውፊቱ። ደሴቱ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ማርያም ጽዮን መባሏ፣ ደሴቱም ደብረ ጽዮን መባሉ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዘመኑ 9ኛው ወይም 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው።

ቋንቋው ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። ዛይኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ግን ትግርኛ ወይም ግዕዝ አይደሉም። ስልጥኛ፣ ወላኔኛና ሐረሪ ናቸው። ካርታ ላይ ሲታይ ነገሩ ያስገርማል። ሐረር በምሥራቅ፣ ስልጤና ወላኔ በምዕራብ፣ ዛይ መሃል ላይ ውሃ ውስጥ። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የሚሉት እነዚህ ቋንቋዎች በአንድ ወቅት ከሐረር እስከ ጉራጌ ምድር የተያያዘ ቀበቶ እንደነበሩ ነው። ኋላ ቀበቶው መሃል መሃሉ ላይ ተበጠሰ። ዛይ ከዚያ ቀበቶ በውሃ ተከቦ የተረፈ ቁራጭ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱን ማጋጨት አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክና የሕዝብ ታሪክ የግድ አንድ መንገድ አይሄዱም። ጥቂት ካህናት ከሰሜን መጥተው እምነቱንና መጻሕፍቱን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ሰፊው ሕዝብ ደግሞ ቀድሞም በአካባቢው የነበረ፣ የምሥራቅ ጉራጌ ዘመድ የሆነ ቋንቋ የሚናገር ሊሆን ይችላል። የዛዮቹ የራሳቸው ትውፊትም ቢሆን ሁሉንም ሰው ከአክሱም አያመጣም። ከሸዋ የመጡ አሉ ይላል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ከየብስ ሸሽተው የገቡ አሉም ይላል። ዛይ የሚባለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ የገባ ጎሳ ሳይሆን በየዘመኑ አደጋ ወደ ውሃ የገፋቸው ሰዎች ድምር ይመስላል።

የግራኝ ጦርነት ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. የቆየ ነው። ከእሱ ተከትሎ የኦሮሞ መስፋፋት መጣ፤ የሐይቁ ዙሪያም የኦሮሞ ምድር ሆነ። ደሴቶቹ ከዚያ በኋላ ለ300 ዓመት ያህል ከቀሪው የክርስቲያን መንግሥት ተለይተው ኖሩ። የብራና መጻሕፍታቸውን ጠብቀው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን ይዘው፣ አሳ እያጠመዱ፣ ሸማ እየሠሩ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተዳፋቱን በእርከን እየከተሩ ያርሱት ነበር። የእርከኑ ሥራ ያኔ ሕዝቡ ለመሬቱ ምን ያህል ብዙ እንደነበር የሚናገር ይመስለኛል። መሬት የተረፈው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ገደል አያስተካክልም።

ይህ መለየት ግን በግንብ እንደታጠረ አድርገን ማሰብ የለብንም። ዛዮች ከዳርቻው ኦሮሞዎች ጋር ይገበያዩ ነበር። አሳና ጨርቅ ወደዚያ ይሄዳል፣ እህልና ከብት ወደዚህ ይመጣል። በዚህም ዛዮች ኦሮምኛ መናገር ከጀመሩ ዘመናት ተቆጥረዋል። ኦሮሞዎቹም ላቂ የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ ኦሮምኛ ትናንት በትምህርት ቤት በኩል የመጣባቸው ቋንቋ አይደለም፤ የገበያና የጉርብትና ቋንቋ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ሳያስብ ነው ስለ ዛይኛ መጥፋት የሚያወራው።

ሰላም ሲመጣ ሰው ወጣ

በ1870ዎቹ የምኒልክ ጦር አርሲን ይዞ ሐይቁ ድረስ ደረሰ። ለዛዮች ይህ መለወጫ ነበር። ለአርሲ ኦሮሞዎች ያ ዘመን የመራራ ጦርነት ትዝታ ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ለደሴተኞቹ ግን ዳርቻው ተከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ ዛዮች ቀስ በቀስ ወደ የብስ እየወጡ መስፈር ጀመሩ።

የሕዝብ ቁጥሩን ነገር ለመረዳት ቁልፉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ደሴቶቹን በሰው የሞላቸው ፍርሃት ነበር፤ ያጎደላቸው ሰላም ነው። ጠባብ ደሴት ላይ ተጨናንቆ የሚኖር ሰው ዳርቻው ላይ ሰፋ ያለ መሬት ካገኘ ለምን ይቀመጣል? የደሴቶቹን ሕዝብ መመናመን ስናይ ወዲያው ሕዝቡ አለቀ የምንል ሰዎች አለን። አላለቀም፤ ተሻገረ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ሁሉ ያንኑ የሚያፋጥን ነው። ወደ ደቡብ የሚወስደው ዋና መንገድ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በኩል ነው የሚያልፈው። መቂና ዝዋይ ከተማ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣ። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ መብራቱ፣ ሥራው፣ ሁሉም የብስ ላይ ነው። የታመመ ሰው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ከፍ ያለ ክፍል መማር የፈለገ ልጅ ጀልባ መሳፈር አለባቸው። የቱሉ ጉዶ ልጅ አንዴ ለትምህርት ባቱ ከወረደ ተመልሶ ደሴቱ ላይ ጎጆ የሚወጣበት ምክንያት ጥቂት ነው። ቤተሰቡን ለማየት፣ ለበዓል፣ ለለቅሶ ይመለሳል። ኑሮው ግን ከተማው ነው።

ለማን ቁጥር?

እዚህ ላይ ነው ቆጠራው የሚያስቸግረው። ሰውን በምን ትቆጥረዋለህ?

በሚኖርበት ቦታ ከቆጠርከው ደሴቶቹ ላይ ያለው ጥቂት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከቆጠርከው ባቱ ተወልዶ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ አፉን የፈታው የዛይ ልጅ ይወጣል። በብሔረሰብ ከቆጠርከው መልሱ የሚወሰነው ተጠያቂው ያን ቀን ራሱን በምን እንደሚጠራ ነው። አባቷ ዛይ፣ እናቷ ኦሮሞ የሆነች የመቂ ነጋዴ ምን ብላ ትመልሳለች? እንደ ስሜቷ ነው፤ ወይም ጠያቂው እንደሚጠብቀው። ይህ ውሸት አይደለም፤ የሰው ማንነት ከአንድ ሳጥን ሲበልጥ የሚሆነው ነው። ስለዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይወጣሉ። 4,880 የሚለውም የቋንቋ አጥኚዎች ቁጥር መሆኑን አንርሳ። ስለ ተናጋሪዎች እንጂ ስለ ትውልዱ ሁሉ አይናገርም።

በዚያ ላይ የስም መመሳሰል አለ። አርባ ምንጭ አካባቢ ዘይሴ የሚባል ሕዝብ አለ፤ ቋንቋው ኦሞአዊ ነው፤ ከዛይ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሁለቱም ከስምጥ ሸለቆ ሐይቅ አጠገብ ይኖራሉ። ባልጠነቀቀ እጅ ሠንጠረዥ ላይ ሊምታቱ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። ማጠቃለያ ሠንጠረዦች ደግሞ ትናንሾቹን ሕዝቦች «ሌሎች» በሚል አንድ መስመር ይሰበስቧቸዋል። ለአገር አቀፍ ፖሊሲ አውጪ «ሌሎች» በቂ ሊሆን ይችላል። ለሚመለከተው ሕዝብ ግን ከሰነድ መሰረዝ ነው።

ሌላው ጉዳይ አስተዳደሩ ነው። የሐይቁ ዳርቻ በምሥራቅ ሸዋና በአርሲ ዞኖች መካከል የተከፋፈለ ነው። ወረዳዎቹ አዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ፣ ዱግዳና ዝዋይ ዱግዳ ናቸው። ሐይቁ የሁሉም ነው፤ ዛዮች ግን የማንም ዋና ጉዳይ አይደሉም። እያንዳንዱ ወረዳ ጥቂት ዛዮች አሉት። አንዳቸውም «የኔ ሕዝብ ስንት ነው» ብለው የሚጠይቁበት ምክንያት የላቸውም።

የትንሽነት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐረሪዎችም በተረሱ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ ሐረሪ ተብለው የተመዘገቡት 32 ሺህ አይሞሉም። በገዛ ክልላቸው ውስጥ እንኳን ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ ክልል አድርጓቸዋል፤ ምክር ቤት አላቸው፤ ቋንቋቸው የሥራ ቋንቋ ነው። አርጎባዎችም ልዩ ወረዳ አላቸው። የስልጤ ታሪክ ደግሞ ከዛዮች ጋር በቋንቋ ስለሚዛመድ ይበልጥ ያስተምራል። ስልጤዎች ለዓመታት በጉራጌነት ሲቆጠሩ ኖረው በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ራሳቸውን የቻሉ ብሔረሰብ መሆናቸውን አስወሰኑ። ከስድስት ዓመት በኋላ በተደረገው ቆጠራ ስልጤ ብለው የተመዘገቡት ከ900 ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በስድስት ዓመት አልተወለዱም። ድሮም ነበሩ፤ የሚመዘገቡበት መስመር ግን የተከፈተላቸው ገና ያኔ ነበር።

ዛዮች መስመሩን የሚያስከፍት አቅም የላቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ብሔረሰብን ሲተረጉም አነስተኛ የሰው ቁጥር አያስቀምጥም። የጋራ ባህል፣ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ማንነት እምነት፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛውም በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖር ነው የሚለው። ዛዮች የመጀመሪያዎቹን ለማሟላት ብዙ አይቸገሩም። የተያያዘው መልክዓ ምድር ላይ ግን ነገሩ ያስቃል፤ የእነሱን መንደሮች የሚያያይዛቸው ሐይቁ ነው። አንቀጽ 61 እያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 54 ደግሞ በተወካዮች ምክር ቤት ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ያስቀምጣል። ወረቀቱ ላይ ለትንንሾች ቦታ አለ። ግን መጀመሪያ መታወቅ ይመጣል፣ ለመታወቅ ደግሞ መቆጠር።

ቆጠራው ራሱ የት ደረሰ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው። ቀጣዩ በ2010 ይሆናል ተብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተራዘመ። በ2011 ሊካሄድ ቀን ተቆርጦለት እንደገና ተራዘመ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሰኔ 2011 በጋራ ስብሰባ ማራዘሙን አጸደቁ። ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ቆጠራውም ቀረ። ትልልቆቹ ብሔሮች በቆጠራ መዘግየት በጀትና መቀመጫ ላይ ይጨቃጨቃሉ። ለእንደ ዛይ ዓይነቱ ሕዝብ ግን የቆጠራ መዘግየት ማለት አንድ የተናጋሪ ትውልድ ሳይመዘገብ ማለፍ ማለት ነው።

አዲሱ የፋይዳ መታወቂያም ይህን አይሞላም። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ አሻራ ይወስዳል፤ ብሔር አይጠይቅም። ብዙዎቻችን በዚህ ተደስተናል፣ እኔም አንዱ ነኝ። መታወቂያ ላይ ብሔር መጻፉ ያመጣውን አይተናል። ግን የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መልስ አይሆንም፤ ፋይዳ ዛዮች ስንት እንደሆኑ አይነግረንም።

ሐይቁ እየተጠጣ ነው

ስለ ቁጥር ሲወራ የሚዘነጋው ሰዎቹ የሚኖሩበት ነገር ነው። ዝዋይ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ሳህን በለው። ከላዩ ትንሽ ስትቀዳለት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ውሃ የሚያገባለት በዋናነት የመቂና የከታር ወንዞች ናቸው። ትርፉ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢጃታ ይፈሳል። ወንዞቹ ላይ መስኖ አለ፤ ዳርቻው ላይ ትልልቅ የአበባ እርሻዎችና የአትክልት ማሳዎች አሉ፤ የባቱ ከተማም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ወደ አቢጃታ የሚሄደው ውሃ ማነሱ አቢጃታን ምን እንዳደረገው ያየ ሰው ያውቃል፤ ያ ሐይቅ ከቀድሞ ስፋቱ ክፉኛ ሸሽቷል።

የአበባ እርሻዎቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወደውም። በሺህ ለሚቆጠሩ ወጣቶች ሥራ ሰጥተዋል፤ ከእነሱ መሃል ከደሴቶቹ የወጡ የዛይ ልጆች መኖራቸው አይቀርም። የገበሬው ፓምፕም ያው ውሃ ነው የሚስበው። ችግሩ ሁሉም ከአንድ ሳህን ሲቀዳ የሚቆጣጠር አለመኖሩ ነው። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ታጥቦ ይገባል፣ ከደጋው አፈር ይደፈርሳል፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ እምቦጭ መጥቷል።

አሳውም ቀንሷል። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ አሉ። ዓቢይ ጾም ሲገባ የአዲስ አበባ ፍላጎት ይጨምራል፣ ዋጋው ይወጣል፣ መረብ የሚጥለውም ይበዛል። ዓይኑ ጠባብ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ይጠርጋል። ድሮ ሐይቁ የዛዮች ነበር ማለት ይቻላል፤ ታንኳ መቅዘፍና ውሃውን ማወቅ የእነሱ ሙያ ነበር። ዛሬ የሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ያለው ሁሉ ያጠምዳል። ለደሴተኛው ሐይቁ መንገዱም፣ ምግቡም፣ የሚጠጣው ውሃም ነው። ሲሸሽ ሦስቱም አብረው ይሸሻሉ። ጉድጓድ መቆፈርም ቀላል መልስ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፣ የአካባቢውን ሰው ጥርስ ቡናማ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ስለዚህ ደሴቱን ለቆ የሚወጣው ወጣት ባህሉን የጠላ አይደለም። ሒሳብ ሠርቶ ነው የሚወጣው። ቋንቋውም የሚቀረው በዚሁ መንገድ ነው። ዛይኛ በትምህርት ቤት አይሰጥም። ቤተ ክርስቲያን ግዕዝና አማርኛ ነው። ትምህርት ቤትና ገበያ ኦሮምኛ ነው። ለዛይኛ የቀረው ቤትና ጀልባ ነበር፤ ባቱ ላይ ደግሞ ጀልባ የለም፣ ቤቱም ብዙ ጊዜ ቅይጥ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ቆጠራው ሲመጣ ሊደረጉ የሚችሉ ቀላል ነገሮች አሉ። ዛይና ዘይሴ የየራሳቸው ኮድ ይኑራቸው። ደሴቶቹ ከዳርቻ ቀበሌ ጋር ሳይደባለቁ ለብቻቸው ይቆጠሩ። ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ሌላ «የምትናገረው ሌላ ቋንቋ» የሚል ጥያቄ ይጨመር፤ ለዛዮች ብቻ ሳይሆን በየቦታው ላሉ ትንንሽ ቋንቋዎች ሁሉ የሚጠቅም ነው። ውጤቱም «ሌሎች» ብሎ ሳይጠቀልል ይታተም።

ግን እውነቱን ለመናገር ቆጠራውን ከጠበቅን ገና ብዙ እንጠብቃለን። ማኅበረሰቡ ራሱን መቁጠር ይችላል። ትንሽ ሕዝብ መሆን ጥቅም አለው፤ ሰው ሰውን ያውቃል። ቱሉ ጉዶ ላይ ኅዳር 21 ጽዮን ስትነግሥ ከየብስ የሚሻገረው ሰው ራሱ አንድ መነሻ ነው። የክርስትናና የተክሊል መዝገብ፣ የእድር ደብተር፣ የሰንበቴ ማኅበር ስም ዝርዝር፣ እነዚህ ያሉበት ቦታ ሁሉ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ቀሪው በየቤቱ እየሄዱ ጥቂት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ አያትህ ከየትኛው ደሴት ናቸው? ዛይኛ ትሰማለህ ወይስ ትናገራለህ? ልጆችህስ? ባቱ፣ መቂና አዲስ አበባ ያሉትን ለመድረስ ስልክ ይበቃል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሕጋዊ ቆጠራን አይተካም። ነገር ግን ወረዳ ቢሮ ወይም ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲኬድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ይሆናል፤ እስካሁን ያለው ወረቀት 30 ዓመት ያለፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።